ሲሚንቶ ጭቃ አይደለም፦ በጠነከረ ሲሚንቶ ውስጥ ያለውን ውሃ መዝኖ የማወቅ አሠራር

«ሶሌታው ደርቋል፤ ፎርሙን አንሱት።» ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ግንባታ ላይ የዋለ ሰው ይህን ሳይሰማ አይመሽለትም። «ደርቋል» የሚለው ቃል የመጣልን ከጭቃ ቤት ነው። አባቶቻችን ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው፣ አቡክተው፣ ግድግዳውን መርገው ፀሐይ ያስመቱታል። ውሃው ሲወጣ ምርጊቱ ይጠነክራል፤ ሐምሌ ላይ ጣሪያው ቢያፈስበት ደግሞ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በተቃራኒው መንገድ ነው። ውሃውን ጠጥቶ፣ ውሃውን የአካሉ ክፍል አድርጎ ይጠነክራል። ባልዲ ውስጥ ቢሰጥምም ይጠነክራል። ቶሎ ያደረቅነው ሲሚንቶ ሥራውን ያቆመ ሲሚንቶ ነው።

ሌላም ልማድ አለ፤ የኖራ። ከጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ድልድይ በኖራ የተገነባ ነው። ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል፤ ስለዚህ አየር ይፈልጋል። ጭቃ መድረቅን፣ ኖራ አየርን፣ ሲሚንቶ ውሃን። ሦስቱን አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ግድግዳና ብዙ ታንከር አበላሽቶብናል።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት እኔም አበላሽቻለሁ። አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ስንሞላ አርማታው በፌሮዎቹ መሀል አልወርድ አለ። «ትንሽ ውሃ ጨምሩበት» አልኩ፤ ጨመሩ፤ ወረደ። ከሁለት ወር በኋላ ውሃ ሲሞላበት ግድግዳው እንደ አዲስ እንስራ ከውጭ ያልበው ጀመር። ስንጥቅ ፈለግን፤ የለም። ውሃው የሚያልፈው በራሱ በሲሚንቶው ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማስተምራቸው ልጆች ሁሉ መጀመሪያ የማሠራቸው ይህን ከታች የምጽፈውን ሙከራ ነው። ጥሩ ሚዛን፣ ማድረቂያ ምድጃ (ኦቨን) እና ትዕግሥት ካላችሁ ትሠሩታላችሁ። ለመጨረሻው ክፍል ብቻ እስከ 950 ዲግሪ የሚግል ምድጃ ያስፈልጋል፤ ይህ በኮሌጅ ወይም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይገኛል።

ከመመዘን በፊት፦ ውስጡ ምን አለ?

ሲሚንቶ በውሃ ብቻ ሲለወስ የሚገኘውን እዚህ «ልውስ» እለዋለሁ። አሸዋና ጠጠር ሲገባበት አርማታ ይሆናል፤ ጠጠሩን አጣብቆ የሚይዘው ግን ይኸው ልውስ ነው። ስለዚህ ልውሱን ያወቀ የአርማታውን ጠባይ ያውቃል።

ውሃና ሲሚንቶ ሲገናኙ የሲሚንቶው ቅንጣት ከውጭ ወደ ውስጥ እየተለወጠ ይሄዳል። ከሚወለዱት ነገሮች ዋናው ካልሲየም ሲሊኬት ሃይድሬት ይባላል፤ ጥንካሬውን የሚሰጠው እሱ ነው፤ በአጭሩ ጄል እንበለው። ከጄሉ ጋር የካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ክሪስታሎች ይበቅላሉ፤ ይህ የረጠበ ኖራ ማለት ነው። ሲሚንቶው ውስጥ ካሉት ከጂፕሰምና ከአልሙኒየም ውሁዶች ደግሞ ኤትሪንጋይት የሚባሉ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ይወጣሉ። በመሀሉ ገና ውሃ ያልደረሰው የሲሚንቶ አስኳል ይቀራል።

ውሃው ታዲያ የት ይገባል? ሦስት ቦታ።

አንደኛው የታሰረ ውሃ ነው። በኬሚካል ከሲሚንቶው ጋር ተዋህዶ ድንጋይ ሆኗል፤ ጨምቃችሁም ሆነ ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ አታወጡትም። ሙሉ በሙሉ የተዋሃደ 1 ግራም ሲሚንቶ 0.23 ግራም ያህል ውሃ ያስራል።

ሁለተኛው የጄል ውሃ ነው። ጄሉ ራሱ ድፍን አይደለም፤ ከይዞታው (ከሚይዘው ቦታ) 28 በመቶ ያህሉ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳው ስፋት 2 ናኖሜትር አካባቢ ነው። አንዲት የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አላት ብንል፣ በእሷ ስፋት ላይ ግማሽ ሚሊዮን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ጎን ለጎን ይሰለፋል። የጄሉን የውስጥ ገጽ በውሃ ትነት ሲለኩት በ1 ግራም 200 ካሬ ሜትር አካባቢ ያገኙታል፤ ሩብ ሄክታር መሬት በ12.5 ግራም ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል እንደ ማለት ነው። በዚህ ገጽ ላይ ተጣብቆ የሚኖረው ውሃ ለእያንዳንዱ ግራም የተዋሃደ ሲሚንቶ 0.19 ግራም ያህል ነው።

ሦስተኛው የተረፈው ነው፤ የካፒላሪ ውሃ። ሲሚንቶው አስሮ፣ ጄሉም ጠጥቶ ሲበቃው የሚቀረው ውሃ በቅንጣቶቹ መሀል የነበረበትን ቦታ እንደያዘ ይቆያል። አንድ ቀን ይተናል፤ ቦታው ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። እንጀራ ዓይን የሚያወጣው ከሊጡ በሚወጣው አየርና እንፋሎት ነው፤ የልውሱን ዓይን የሚከፍተው ትርፍ ውሃ ነው። የእንጀራ ዓይን ያስመሰግናል፤ የሲሚንቶ ዓይን ግን ጥንካሬውን ይበላል፣ ውሃም ያሳልፋል፣ ፌሮውንም ለዝገት ያጋልጣል። የማጠራቀሚያዬን ግድግዳ ያላበው ይህ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ያገኘነው ከፓወርስና ከብራውንያርድ ነው። አሜሪካ ውስጥ በፖርትላንድ ሲሚንቶ ማኅበር ላቦራቶሪ ለዓመታት ልውስ እያደረቁና እየመዘኑ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1946 እና በ1947 በተከታታይ አሳተሙት። ከዚያ ወዲህ በጣም የረቀቁ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ለግንባታ ሥራ ግን እስካሁን ከዚህ የቀለለና የሚታመን ስሌት አላየሁም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ውሃ ሲታሰር ይሰበሰባል፤ የሚይዘው ቦታ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ልውሱ በጠነከረ ቁጥር ውስጡ እየጎደለ ይሄዳል፤ ከውጭ ውሃ ካገኘ ይስባል። አርማታ ውሃ ይጠጣል ስንል ተረት አይደለም። በታሸገ ዕቃ ውስጥ ያለ ሲሚንቶ በሙሉ እንዲዋሃድ ለ1 ኪሎ ሲሚንቶ 0.42 ኪሎ ውሃ ይፈልጋል (0.23 እና 0.19)። ከውጭ ውሃ ሳይቋረጥ ካገኘ ግን ሲለወስ 0.36 ያህል ቢሰጠውም ይበቃዋል፤ የጎደለውን ራሱ ይስባል።

የሚያስፈልገው

ኦፒሲ (ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ) የሚል የተጻፈበት፣ ጆንያው አዲስ የተከፈተ ሲሚንቶ። ፒፒሲ ውስጥ የተፈጨ ፑሚስ ስላለበት 0.23 እና 0.19 የሚሉት ቁጥሮች በቀጥታ አይሠሩለትም፤ ለመጀመሪያው ሙከራ አትጠቀሙበት። ጓል ያለበት፣ በጣት ለመፈርፈር የሚያስቸግር ሲሚንቶ ከመጋዘን እርጥበት ቀድሞ ጠጥቷልና ተዉት።

እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን፤ ወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት ይሆናል። 4 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያላቸው፣ ክዳናቸው የሚጠብቅ የፕላስቲክ ጠርሙሶች። በ105 ዲግሪ የሚቆም ኦቨን። የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሆንም፤ ሙቀቱን መወሰን አትችሉም። ቀጭን የናይሎን ክር፣ የብረት መጋዝ፣ የተነፋ ኖራ፣ ጓንት፣ የዓይን መነጽር። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳን ቀስ ብሎ ያቃጥላል፤ ሲያቃጥል ወዲያው ስለማይሰማ ብዙ ሠራተኛ ማታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው የሚያውቀው። ጓንቱን አታቃልሉት።

መለወስ

ሦስት ልውስ አዘጋጁ። በእያንዳንዱ 200 ግራም ሲሚንቶ። ለመጀመሪያው 70 ግራም ውሃ፣ ለሁለተኛው 90፣ ለሦስተኛው 120። የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔያቸው 0.35፣ 0.45 እና 0.60 ይሆናል። የመጀመሪያው እንደ ዳቦ ሊጥ ይከብዳል፤ ሁለተኛው ይታዘዛል፤ ሦስተኛው እንደ አብሲት ይፈሳል። ያ የሚፈሰው ብዙ ግንበኛ የሚወደው ነው።

ውሃውን መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ አድርጉ፣ ሲሚንቶውን ከላይ ነስንሱት፣ ግማሽ ደቂቃ ተዉት፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ አጥብቃችሁ ለውሱ። ጠርሙሱ ውስጥ ስትሞሉ በየደረጃው ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፤ የአየር አረፋው ይውጣ። እስከ አፉ ሙሉና ክደኑ።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘልለው ነገር አለ። የ0.60 ልውስ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ሲሚንቶው ይዘቅጣል፣ ውሃው ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ የላዩ 0.80፣ የታቹ 0.50 ሊሆን ይችላል፤ የምትመዝኑትም የምታውቁት ምጣኔ አይሆንም። ጠርሙሱን አግድም አስተኙና እስኪያያዝ ድረስ በየ5 ደቂቃው አንከባሉት። በደብረ ማርቆስ ብርድ ይህ 4 ወይም 5 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ተረኛ መድቡ፤ የሙከራው ዋጋ ያለው እዚህ ነው።

ማቆየት

በ24ኛው ሰዓት ጠርሙሱን ቅደዱና ልውሱን አውጡ። ጫፍና ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ከመሀሉ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው ዲስኮች ቁረጡ። ስትቆርጡ ውሃ እያፈሰሳችሁ ይሁን። በእያንዳንዱ ላይ ምጣኔውን በምስማር ጻፉበት፤ እርሳስ ይጠፋል።

ዲስኮቹን የኖራ ውሃ ውስጥ አስጥሟቸው። ኖራው ከታች ዘቅጦ እስኪታይ ድረስ ጨምሩበት። ንጹህ ውሃ ከልውሱ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱን እያሟሟ ያወጣዋል፤ በኖራ የጠገበ ውሃ ግን አይነካውም። ዕቃውን ከምድጃ በራቀ፣ ሌሊት በማይቀዘቅዝ ክፍል አኑሩት። እዚህ ደጋ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ መዋሃዱ በግልጽ ይዘገያል፤ የምታገኙት ቁጥር መጽሐፍ ላይ ካለው ቢያንስ ሚዛኑን አትውቀሱ፣ ቴርሞሜትሩን እዩ።

በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ከየምጣኔው ሦስት ሦስት ዲስክ ታወጣላችሁ።

ሦስቱ ሚዛኖች

*ጠግቦ።* ሦስቱን ዲስኮች ከውሃው አውጡና በረጠበና በተጨመቀ ጨርቅ ገጻቸውን ጥረጉ። የሚያብረቀርቀው ውሃ ይሂድ፤ ገጹ ግን ወዛም ጥቁር ሆኖ ይቅር። ደረቅ ጨርቅ ከቀዳዳው ውስጥ ስለሚመጥ አይሆንም። በፍጥነት መዝኑ። ይህን «ሀ» በሉት።

*መጠነ ይዞታ።* አንድ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱ። ዲስኮቹን በክር አስራችሁ፣ ክሩን በእጃችሁ ወይም በእንጨት ይዛችሁ፣ ብርጭቆው ውስጥ አስጥሟቸው፤ ታቹንም ጎኑንም እንዳይነኩ። ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዲስኮቹ ይዞታ ነው፤ በሚሊሊትር። አርኪሜዲስ የተናገረው ነገር እዚህ በአንድ ብርጭቆ ይታያል። ይህ «ለ» ነው።

*ደርቆ።* ኦቨን ውስጥ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆዩ፣ አውጥታችሁ በደንብ በሚከደን ዕቃ ውስጥ አቀዝቅዙ፣ መዝኑ። መልሳችሁ አስገቡና በ4 ሰዓት ድጋሚ መዝኑ፤ ቁጥሩ መውረድ እስኪያቆም። ይህ «ሐ» ነው። መብራት ቢጠፋ የኦቨኑን በር ሳትከፍቱ ጠብቁ፤ ሲመጣ ሰዓቱን አራዝሙ እንጂ ሙከራው አልተበላሸም።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። «እንግዲያው 92 ይበቃል» ያለኝ ተማሪ ነበር፤ አስተያየቱ ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። የጄል ውሃ እንደ ብርጭቆ ውሃ ልቅ አይደለም፤ ገጹን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። 105 የተመረጠው ሰው ሁሉ በአንድ መስፈሪያ እንዲለካ ነው። በእውነቱ በ105 ዲግሪ ኤትሪንጋይቱም የተወሰነ ውሃውን ያጣል፤ በታሰረውና በሚተነው መካከል ያለው ድንበር በስምምነት የተሰመረ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ልውሶች ሁልጊዜ በአንድ ሙቀት፣ አብራችሁ አድርቁ።

ከዚያ የደረቀውን በሙቀጫ ደቁሱ፣ አድቅቁና ወዲያው በጠባብ ጠርሙስ ክደኑ። የተፈጨ ልውስ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ኋላ ሲቃጠል ያ ጋዝ እንደ ውሃ ይቆጠርባችኋል። 2 ግራም ያህል በትክክል መዝናችሁ በ950 ዲግሪ 1 ሰዓት አቃጥሉ። ለዚህኛው እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ያልደረቀ ቁራጭ በቀጥታ ወደዚህ ምድጃ አታስገቡ፤ እንፋሎቱ ያፈነዳዋል። ካልተለወሰው ሲሚንቶም 2 ግራም አብራችሁ አቃጥሉ፤ እሱም ትንሽ ስለሚቀንስ የእሱን ቅናሽ ታስቡለታላችሁ።

ስሌቱ

አሠራሩ እንዲታይ በፓወርስ ቁጥሮች የተሰላ ምሳሌ ላስቀምጥ። የ0.60 ልውስ ሦስት ዲስክ ነው እንበል። ሀ 32.93 ግራም፣ ለ 18.34 ሚሊሊትር፣ ሐ 23.68 ግራም።

የሚተነው ውሃ 32.93 ሲቀነስ 23.68፤ 9.25 ግራም። ለ18.34 ሲካፈል 0.50። ድንጋይ መስሎ ከቆመው ነገር ውስጥ ግማሹ ውሃ የነበረበት ቦታ ነው ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ቁጥር ሲያገኙ ስሌቱን ደግመው ይሠሩታል፤ ትክክል ነው።

2.000 ግራሙ ተቃጥሎ 1.689 ቢሆን፣ የታሰረው ውሃ 0.311 ግራም ነው፤ ለ1.689 ሲካፈል 0.184። (የጥሬው ሲሚንቶ ቅናሽ ከዚህ ላይ ይቀነሳል፤ እዚህ ዜሮ አድርጌዋለሁ።) 0.184ን ለ0.23 ስናካፍል 0.80፤ ከሲሚንቶው 80 በመቶው ተዋህዷል።

አሁን የሚተነውን 9.25 ግራም እንክፈለው። ዲስኮቹ ውስጥ ያለው ሲሚንቶ 23.68 ሲካፈል ለ1.184 (1 ግራም ሲሚንቶ ካሰረው 0.184 ውሃ ጋር)፤ 20 ግራም። የጄል ውሃው 0.19 ሲባዛ በ0.80 ሲባዛ በ20፤ 3.04 ግራም። የቀረው 6.21 ግራም የካፒላሪ ውሃ ነው፤ ከይዞታው 34 በመቶ።

ለሦስቱም ምጣኔዎች ሠርታችሁ ጎን ለጎን ጻፉ። የ0.60ው ሲሚንቶ በመቶኛ የበለጠ ተዋህዶ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ውሃውም ቦታውም ሰፊ ነውና። ግን አይረዳውም። ሙሉ በሙሉ ቢዋሃድ እንኳ የካፒላሪ ቀዳዳው ከይዞታው 26 በመቶ ያህል ይቀራል። የ0.45ው ያን ደረጃ ቢደርስ 11 ወይም 12 በመቶ ነው። የፓወርስን የጥንካሬ ስሌት ብንከተል፣ ጥንካሬ የሚሄደው ጄሉ ለእሱ ከተተወው ቦታ ምን ያህሉን ሞላ በሚለው ቁጥር ሦስተኛ ኃይል ነው። ሁለቱም እኩል 75 በመቶ ተዋህደዋል ብንል የ0.45ው 0.40፣ የ0.60ው 0.22 ያወጣል። ልዩነቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል።

ምድጃ ለሌለው

የውሃ መሳብ ሙከራ በማንኛውም ሞጣ ወይም ዳንግላ ባለ ክፍል ይሠራል። አንድ ዲስክ በ105 አድርቃችሁ፣ ወይም ኦቨን ካጣችሁ ሁሉንም አንድ ቦታ ለሁለት ሳምንት የበጋ አየር ላይ አቆይታችሁ፣ ዙሪያውን በቀለጠ ሰም ቀቡት፤ የጧፍ ሰም ይሆናል። የታችኛው ገጹ 2 ሚሊሜትር ያህል ውሃ እንዲነካ በሁለት ምስማር ላይ አስቀምጡት። በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ9ኛው፣ በ16ኛውና በ25ኛው ደቂቃ እያነሳችሁ፣ እየጠረጋችሁ መዝኑ። ውሃ በካፒላሪ የሚወጣው ከጊዜው ስኩዌር ሩት ጋር ስለሆነ ጭማሪው ከልኬት ልኬት እኩል ሊሆን ይገባል። የ0.60ውን ጭማሪ ከ0.35ው ጋር ስታወዳድሩ የእኔ ማጠራቀሚያ ለምን እንዳላበው በእጃችሁ ትይዙታላችሁ።

ወደ ሥራው ቦታ

አንድ ጆንያ ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። 0.45 ማለት 22.5 ሊትር ውሃ፤ 0.60 ማለት 30 ሊትር። ልዩነቱ 7.5 ሊትር፣ የባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጥንካሬውን ወደ ግማሽ ገደማ የሚያወርደው ይህችው ናት። «በዓይኔ አውቀዋለሁ» የሚል አንጋፋ ግንበኛ ሲገጥማችሁ አክብራችሁ ቅረቡት። እኔ «አያ፣ እስቲ ዛሬ በጄሪካን እንስፈርና ከእርስዎ ዓይን ጋር እናስተያየው» እላለሁ። አብዛኞቹ ለአሸዋውና ለጠጠሩ ያላቸው ዓይን ከእኔ ይበልጣል፤ ውሃው ግን ጥፋቱ በዓይን አይታይም።

አሸዋው ራሱ ውሃ ይዞ ይመጣል። አንድ ኪሎ አሸዋ በብረት ምጣድ ላይ እንፋሎቱ እስኪያቆም ቁሉና መዝኑ። 950 ግራም ከሆነ 5 በመቶ ውሃ ነበረው፤ ለአንድ ጆንያ ሲሚንቶ 100 ኪሎ አሸዋ ካስገባችሁ 5 ሊትር ሳታውቁት ገባ ማለት ነው። ከነሐሴ ዝናብ በኋላ ይህን ሳይለኩ ማቡካት አይገባም።

አርማታው አልወርድ ካለ መፍትሔው ውሃ አይደለም። የጠጠሩን መጠን አስተካክሉ፣ ቫይብሬተር ተጠቀሙ፣ ወይም ውሃ ቀናሽ ኬሚካል በአምራቹ መጠን ጨምሩ። ውሃ መጨመር ግድ ከሆነም ሲሚንቶውን በዚያው ምጣኔ አብራችሁ ጨምሩ።

ከዚያ ማጠጣት። የካፒላሪ ቀዳዳዎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ የተያያዙ ቦዮች ናቸው፤ ጄሉ እያደገ ሲሄድ ይቆራርጣቸዋል። ፓወርስና ባልደረቦቹ ልውሱ እርጥብ ሆኖ ቢቆይ ይህ ለመሆን የሚፈጀውን ጊዜ ለክተዋል፦ በ0.40 3 ቀን፣ በ0.45 7 ቀን፣ በ0.50 14 ቀን፣ በ0.60 6 ወር፣ በ0.70 1 ዓመት። ከ0.70 በላይ ከሆነ መቼም አይዘጋም። በ0.60 አቡክቶ 6 ወር የሚያጠጣ ባለቤት አላየሁም።

የውስጡ እርጥበት ከ80 በመቶ በታች ሲወርድ መዋሃዱ ሊቆም ይቃረባል። የእኛ በጋ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ጥር ላይ የተሞላ ሶሌታ ገጹ በአንድ ከሰዓት ይህን ሊያጣ ይችላል። ጠዋትና ማታ በባልዲ መርጨት በመሀሉ ያደርቀዋል። ሶሌታን በአሸዋ ዳር ዳሩን ገድባችሁ ውሃ አቁሩበት። ኮለንን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላችሁ ከላዩ ፕላስቲክ እሰሩበት። በኦፒሲ ቢያንስ 7 ቀን፣ በፒፒሲ 14 ቀን፤ ፑሚሱ ሥራ የሚጀምረው ዘግይቶ ስለሆነ ውሃውን ቶሎ ካቋረጣችሁበት ዝም ብሎ እንደ ደቃቅ አሸዋ ይቀራል። ጮቄ ተራራ ሥር ውርጭ በሚወርድበት አገር ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በጭድ አልብሱት፤ ውሃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ስለሚያብጥ ያልጠነከረውን ልውስ ከውስጥ ይቀደዋል።

ከ0.60ው ዲስኮች ሦስቱን በኖራው ውሃ ውስጥ ትታችሁ ቀኑን ጻፉባቸው። ጥቅምት ላይ ለውሳችሁ ከሆነ ሚያዝያ ላይ አውጥታችሁ የመሳብ ሙከራውን ድገሙባቸው፤ የ28ኛውን ቀን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ።